የጋሽ እምቢታ እሺታ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ እምቢታ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት፣ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ሬዲዮ ፈታትተው መልሰው ሲገጥሙ ጥቂት ብሎኖች ተረፏቸው። ሬዲዮው ግን ከበፊቱ አጥርቶ ተናገረ። አባታቸው ልምታ ወይስ ልሳም ብለው ግራ እንደተጋቡ ታናሽ እህታቸው እስከ ዛሬ ታስታውሳለች።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈራቸው ጨርሰው ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ተመረቁ። ጥቂት ዓመታት በአንድ ሲኒማ ቤት የድምፅ ክፍል ከሠሩ በኋላ፣ በዳቦ ቤቱና በጫማ መሸጫው መሀል በተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ የራሳቸውን ጥገና ቤት ከፈቱ። ሆም ቴአትር የሚባለው ነገር ሰው ቤት መግባት ሲጀምርም ከሳሎን ሳሎን እየዞሩ ይገጥሙ ነበር።

ቅጽል ስማቸው የመጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ከስፒከር ጀርባ የተጻፈውን የኦም ቁጥር ለደንበኛ ሲያስረዱ «ይሄ የእምቢታው ልክ ነው» ይሉ ነበር። ስምንት ኦም የሆነው ስፒከር የሚመጣበትን ኤሌክትሪክ ደህና አድርጎ እምቢ ይላል። አራት ኦም የሆነው እምቢታው ግማሽ ስለሆነ ብዙ ይስባል፤ ለስምንት የተሠራ አምፕሊፋየር ደግሞ አቅሙን አያውቅምና እስኪነድ ድረስ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ገመድ አይነኩም። ደንበኛው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ «ጎረቤቴ ቤት ይሠራል እኮ!» ቢል፣ ወይ ፍንክች! «ጎረቤትህ እንደፈለገ ይቃጠል፤ አንተ ግን በእኔ እጅ አትቃጠልም» ብለው ይስቁ ነበር። ያንን ሳቅ ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ያልሰማ ያለ አይመስለንም።

በሠላሳ ዓመታቸው በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁትም የክሊኒኩ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ሊጠግኑ ሄደው፣ ከጠገኑም በኋላ «ላረጋግጥ» እያሉ ሲመላለሱ ነው። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ሴቷ ረጋ ያለች ናት። ወንዱ ግን ቁርጥ አባቱን ነበር፤ ሲከራከሩ ይውላሉ፣ አንዱ ከሌለ ደግሞ ሌላው እህል አይበላለትም።

ልጁ ሥራ ፈልጎ ባጣበት ጊዜ አንድ ሆቴል የጣላቸውን አራት ትልልቅ ስፒከሮች ተሸክሞ መጣ። ሁሉም አራት ኦም ነበሩ። የቤቱ አምፕሊፋየር ከስምንት በታች አይቀበልም። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ በሙያው ቋንቋ በሲሪስ፣ ማሰር ይቻል ነበር፤ ጋሽ እምቢታ ግን ሲሪስ ድምፅ ያደነዝዛል ብለው ስለሚንቁት «በእኔ ቤት አይሆንም» አሉ። ስፒከሮቹም ሳሎኑ ጥግ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ።

ብዙ ሳይቆይ ልጁ በባሕር ተሻግሬ ልሂድ አለ። እናቱ አለቀሱ፣ እህቱ ለመነችው፣ አባቱም ለሳምንታት እምቢ አሉ። በመጨረሻ ምሳ ላይ «አባዬ፣ አንተ ጠዋት ስትነሳ የምትከፍተው ሱቅ አለህ። እኔ ተነስቼ የት ልሂድ?» አላቸው። ጋሽ እምቢታ እጃቸውን ከገበታው አነሱ። «እሺ፣ ሂድ» አሉት።

ከወደቡ ከተማ አንድ ጊዜ ደወለ። የሁሉንም ጤንነት ከጠየቀ በኋላ «ስፒከሮቹን ገጠምካቸው?» አለ። ጋሽ እምቢታም «ስትደርስ ደውል፤ በስልክ ትሰማዋለህ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ጀልባዋ ሰጠመች የሚል አለ፣ ደርሰዋል የሚል አለ፤ በዓይኔ አየሁት የሚል ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አባት መጠበቁ ሲከብዳቸው ስፒከሮቹን አዙረው ሁለት ሁለቱን በሲሪስ አሰሯቸው። አራትና አራት ስምንት ሆነ፤ አምፕሊፋየሩም አልጋለም፣ ድምፁም አልደነዘዘም። እንዲያውም ያምር ነበር። ጋሽ እምቢታ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «እሺ ማለት የነበረብኝን እምቢ፣ እምቢ ማለት የነበረብኝን እሺ አልኩት» አሉ። ባለቤታቸው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ፤ እሳቸው ግን የሚጽናኑ ሰው አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ ሱቁን ዘጉ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይሉ ነበር፤ ደዋዩ ሌላ ሰው ሲሆን መነጋገሪያውን ለባለቤታቸው ሰጥተው ወደ መኝታ ክፍል ይገባሉ። ሐኪሞች የልብ ድካም አሉት። ሴት ልጃቸው ሳትሰለች አስታመመቻቸው፤ ሆኖም ሕመሙ ጸንቶባቸው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ልጁን ከማን ጋር እንደምንጽፈው ተከራክረናል። ከአባቱ ቀድመው ካለፉት ጋር ይሁን ያልንም ነበርን። እናቱ ግን «የቀበርኩት ልጅ የለኝም። ካሉት ጋር ጻፉልኝ» አሉ። በመሆኑም ጋሽ እምቢታ ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን። ለእሳቸው ነፍስ ይማር በሉልን። ለልጁ ግን፣ እናቱ እዚሁ አሉና፣ ይህን ቃል ማንም ከአፉ እንዳያወጣ ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።