ተሸፍኖ የተከፈተው የዲላ ትርኢት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ አሰገደች፣
ደብረ ብርሃን።

እንደምን ሰንብተሻል? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት ዘንድሮስ ምሕረት አደረገልሽ? የእምዬስ ዓይን እንዴት ነው? ብርዱስ እንደ ልማዱ ከሰው ጋር እያደረ ነው? እኔ ከዲላ ዝናብና ጭቃ ጋር ብታገልም በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። ከስቷል ብሎ የነገረሽ ሰው ካለ ዋሽቷል፤ ቆጮው ተስማምቶኝ ሱሪዬን በወገቡ በኩል ሁለት ጊዜ አስፍቻለሁ።

ለመጻፍ የዘገየሁት ሹመት አግኝቼ ነው። እንዳትደነግጪ፣ የሾምሁት ራሴን ነው። እንደምታውቂው እንጀራዬ ለሱቅና ለቡና ቤት ታቤላ መጻፍ ነው። በዚህ ከተማ እንደኔ ንድፍ የሚያወጣ ሰው ሞልቷል፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ሲያይ «ሐሳቤን ይሰርቀኛል» ብሎ መንገድ ይለውጣል። በተለይ ልብስ ሰፊው ደመላሽና ጥልፍ ጠላፊዋ ሀዲጃ ሱቃቸው ግድግዳ ለግድግዳ ሆኖ ሦስት ዓመት ሰላምታ የላቸውም። እሱ አበባዬን ሰረቀችኝ ይላል፤ እሷም አበባዬን ሰረቀኝ ትላለች። እነዚህን ሰዎች ሰብስቤ አንድ ትርኢት ባዘጋጅ ከተማው ያውቀናል፣ እርስ በርስም እንማማራለን ብዬ ተነሣሁ።

«የዲላ ነዳፊዎች ኅብረት» የሚል ታቤላ ጽፌ በሬ ላይ ብሰቅል፣ በማግስቱ አንድ የይርጋጨፌ ማር ነጋዴ መጥቶ ንቦቹ የት እንዳሉ ጠየቀኝ። ለመጀመሪያው ስብሰባ ብጠራቸው ደግሞ፣ ሰው እንዲህ በአንድ ላይ የሚጠራው ለእድር ነውና፣ ዐሥራ አንዱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አናጢው ጴጥሮስ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ የሚሲዮን ተማሪ የነበረ ጨዋ ሰው ነው። ገና ሳይቀመጥ «ማን ነው የሞተው?» አለኝ። ማንም እንዳልሞተ ስነግረው «እንግዲያው እናመስግን» ብሎ ጸሎት ጀመረ። ጸሎቱ ሲያልቅ ስብሰባውም አለቀ።

ለትርኢቱ አንድ ቡና ነጋዴ ባዶ መጋዘኑን ሰጠን። ባለፈው ቅዳሜ ሰዉ ከሩቁ ገጠር ከኢዲዶ ሳይቀር በእግሩ መጣ፤ የከተማው ሹምም የፊቱን ወንበር ያዙ። ንግግሬን አድርጌ «እነሆ ጥበባችን» ብዬ እጄን ብዘረጋ፣ ጥበባችን ሁሉ ተሸፍኗል፤ ግማሹ በአንሶላና በሸራ፣ ግማሹ በጆንያ። እገሌ ካልከፈተ እኔ አልከፍትም ተባባሉ። ሹሙ አንድ በአንድ ዞረው ካዩ በኋላ «ጆንያ ለማየትማ ገበያው ይበቃኝ ነበር» አሉ። እትዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዚህ መሐል ዝናቡ ወረደ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ የሚያፈሰው ልክ በሀዲጃ ቀሚስ ላይ ነበርና፣ ልጅቱ የስድስት ወር ድካሟ ሲበሰብስ እያየች ደርቃ ቀረች። ማን እንደተነሣ ብነግርሽ አታምኚም። ደመላሽ ከሰፋው የሙሽራ ካባ ላይ ሸራውን ገፈፈ፤ የሷን እርጥብ አንሶላ አንሥቶም ሸራውን በቀሚሱ ላይ ጣለ። «ልብሱ ምን አጠፋ» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

አንሶላው ተነሥቶ ሸራው እስኪወድቅበት ድረስ ግን የካባውም የቀሚሱም አበባ ታየ። አንድ ነው፤ አምስት ቅጠል፣ ሁለት እምቡጥ። ለእንግዶች ሻይ ይዛ የገባችው መሪማ፣ ሁላችንም የምንጠጣበት የሻይ ቤት ባለቤት፣ መሐል ላይ ቆመች። «ይሄ የትሪዬ አበባ አይደለም እንዴ?» አለች። ብርጭቆዎቹን አንሥተን ብናይ፣ አምስት ቅጠል፣ ሁለት እምቡጥ። መጀመሪያ ሀዲጃ ሳቀች፣ ደመላሽ ተከተላት፣ ከዚያ ጆንያው ሁሉ ወረደ።

ሹሙ ወደኔ መጥተው በታቤላዬ ዙሪያ የሣልሁትን ሐረግ እያሳዩ «ይህስ ከየት መጣ?» አሉኝ። «ከራሴ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መዋሸት አሳፈረኝ። «የእህቴ ነው፤ ለሠርጓ ቀሚስ የጠለፈችው» አልሁ። እውነቱ ይኸው ነው እትዬ። ሳልጠይቅሽ በሃያ ሱቅ ላይ ሥዬዋለሁ፤ ሥጋ ቤት ሳይቀር። ይቅር በዪኝ።

ጴጥሮስ «ባለቤቷ ካልተመዘገበች ስርቆት ነው» ስላለ፣ ስምሽ በኅብረቱ መዝገብ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ሰፈረ። እኔ ሁለተኛ ነኝ። አሁን ሀዲጃ የሠርግ ቀሚስሽን የደረት ጥልፍ ካላስታወስህ ብላ ወጥራ ይዛኛለች። እኔ ደግሞ በሠርግሽ ቀን ቀሚስሽን ይዤ አትሂጂ እያልሁ ሳለቅስ ስለዋልሁ፣ ከጫፉ በላይ ያየሁት የለም። የላዩን በወረቀት ነድፈሽ ላኪልኝ፤ ከቻልሽም ራስሽ ነይ።

የእምዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እህታችንን ቆንጅትን ትምህርትሽን እንዳትተዪ ብሎሻል በያት። ለጎረቤታችን ለጽጌማርያም ሰላምታዬ ይድረስ። ለባለቤትሽ ለጋሼ እንግዳም፣ ያን ቀን ቀሚስሽን ከእጄ በግድ ላስለቀቁኝ፣ ሰላም በዪልኝ፤ ይቅር ብያቸዋለሁ።

ወንድምሽ ከፈለኝ
ዲላ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.