የደበቅሁት ወር

ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ
ጥቅምት 9 ቀን 1949 ዓ.ም.

ውድ ሣህሉ፣

ጤናህን እየተመኘሁ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ፤ ተረጋግቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ እስከ በር ሄጄ እመለሳለሁ። ልጅህም እንደኔው ነው፤ ሲራገጥ ይውላል።

ልጅህ ነው ያልኩት፣ ልጆችህ አላልኩም። ሣህሉ፣ መንታ የለም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ወጉን ታውቀዋለህ፤ ነፍሰ ጡር የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ወሯን ቀንሳ ትናገራለች። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ሁለት ወር ቀነስኩ፤ ለእናትህም ቀነስኩ። አዋላጇ ሃሊሞ በነሐሴ መጥታ ስትጠይቀኝ እንኳ እውነቱን ዋጥ አድርጌ አምስተኛ ወሬ ነው አልኳት። ሆዴን ዳሰሰች፣ እንደገና ዳሰሰች።

«አቦ ሰርካዲስ፣ የአምስት ወር ሆድ እንዲህ አይሆንም። ወላሂ ሁለት ናቸው» አለች።

እኔም አላረምኳትም። እናትህ በእልልታ ሰፈሩን አዳረሱት፤ ወሬው ባቡር ተሳፍሮ አንተ ከምትሠራበት ከአይሻ ጣቢያ ደረሰህ። አንተም ለጥር ፈቃድ እንዲሰጡህ ብለህ የባልደረባህን ተራ ሁሉ ተቀበልክ፤ ባቡር ላይ በሚሠራው በዒጋል እጅ ሁለት የሕፃን ኮፍያ ላክህልኝ።

እኔ ግን ዘጠኝ ወር ገብቶኛል። ዛሬ ጠዋት እናትህ ባሉበት ለሃሊሞ እውነቱን ነገርኳት። የሚገባኝን ያህል ተቆጣችኝና ሆዴን ዳሰሰች። ሕፃኑ አግድም ተኝቷል። ካልዞረ በሷ እጅ እንደማይወለድ፣ ሐኪም ቤት መግባት እንዳለብኝ ነገረችን። እናትህ ደግሞ ልጄ ሳይፈቅድ ቢላዋ አይነካትም ብለዋል።

ከጎረቤት መደበቄስ ወግ ነው፣ ካንተ ለምን ደበቅሁ? የመጀመሪያው ልጃችን በሆዴ የሞተ ጊዜ የገዛህለትን ኮፍያ መፍቻ ሣጥንህ ውስጥ ስትሸሽግ አይቼሃለሁ። አላለቀስክም። እኔም እንዳላየ ሆንኩ። ያን ፊትህን ዳግመኛ እንዳላይ ፈርቼ፣ ሳትጠብቀው በሰላም ተወልዶ ይድረስህ ብዬ ተስፋ የምታደርግበትን ጊዜ አሳጠርኩብህ።

አሁን ብቻዬን መፍራት አቃተኝ። ደብዳቤዬ በደረሰህ ቀን በሚነሣው ባቡር ና፤ ፈቃድህን በአፍህ ንገራቸው። እንድታምነኝ አንዱን ኮፍያ በዚሁ በዒጋል እጅ መልሼልሃለሁ፤ ሌላው ትራሴ ሥር ነው። የመለስኩልህን ከመጀመሪያው ልጃችን ኮፍያ ጋር ሣጥን ውስጥ እንዳትከተው። በኪስህ ይዘኸው ና።

በር በሩን የምታየው
ሰርካዲስ