እግሯን ያላየሁት ቆቅ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ደሳለኝ፤ ሰቆጣ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ ሻል አለው ወይስ እንዳኮረፈ ነው? እትዬ ዓለምእሸት ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ፣ ማሽላው ያዘ? እኔ፣ ባለቤቴ ለተገብርኤልና ልጃችን ወይኒ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስል ግን ደክሞኛል፤ እንቅልፍ የማይመልሰው ዓይነት ድካም ነው። በስልክ ብጮህም ግማሹን ስለማይሰሙኝ፣ ይህችን ደብዳቤ ወደ እናንተ ለሚመጣው ሾፌር ለሃይለማርያም ሰጥቼ ልኬያለሁ።

ሥራዬ ያው ነው፤ እንዳ ኢየሱስ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ጥበቃ ነኝ። ከንጋት እስከ ቀትር የላይኛው አጥር የኔ ነው። ዘንድሮ ዮሃና የምትባል የባዮሎጂ መምህርት መጣችና፣ ጋራው ላይ ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው ጅግራ ነው ቆቅ ብላ ጠየቀችኝ። የከተማ ልጅ ናት፤ ሁለቱንም በሥዕል እንጂ በዐይኗ አላየችም። እኔም ጉራዬን ነዛሁላት። ጅግራ በመንጋ የሚሄድ፣ ግራጫው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ራሱ መላጣ ነው አልኳት። ይሄኛው ግን ቡናማና ዥንጉርጉር ነው፤ ግንባሩ ጠቆር፣ አናቱ ቀላ ያለ፣ ቢበዛ ከሚስቱ ጋር የሚውል። ሲያባርሩት ሽቅብ ይሮጣል እንጂ ቶሎ አይበርም፤ ክንፍ እንዳለው ትዝ የሚለው መድረሻ ሲያጣ ነው። ጎህ ሲቀድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የሚጮኸው ደግሞ ወንዱ ነው። ቆቅ ነው አልኳት፤ ጻፈች።

ቀጥላም፣ ድሮ እዚህ ብዙ ነበሩ ይላሉ፣ አሁን ለምን አንድ ብቻ ይሰማል አለችኝ። ጦርነቱ ነው አልኩ። ውሸት አይደለም። ሙሉውን ግን ለርስዎ ካልሆነ ለማን እነግራለሁ።

ጦርነቱ ቆሞ መንገዱ በተከፈተ ሰሞን፣ በአባባ የወጥመድ ሙያ ልጅህን አበላህ፣ ተባረክ ብለው የጻፉልኝን ወረቀት እስካሁን ይዤዋለሁ። ባየሁት ቁጥር ያቃጥለኛል። አባባ ወጥመዱ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚዳስሱት የተያዘውን ቆቅ እግር እንደነበር ያስታውሳሉ። ከኋላ እሾህ ካለው ወንድ ነው፤ ያኔ በስመ አብ ብለው ቢላዋቸውን ያወጣሉ። እግሩ ልስልስ ከሆነ ሴት ናትና ወደ ጋራው ይለቋታል፤ ቤት እንግዳ ቢቀመጥም፣ እራታችን ሽሮ ብቻ ቢሆንም። እርስዎንም እኔንም ጣታችንን ይዘው ነው ያስተማሩን።

እኔም በጦርነቱ መንገድ በተዘጋብን ጊዜ መጀመሪያ መጀመሪያ እዳስስ ነበር፤ ሁለት ሴት ቆቆች ለቅቄያለሁ። በኋላ ወይኒ ከረሃብ ብዛት ማልቀስ አቆመች። ከልቅሶዋ ይልቅ ዝምታዋ አስፈራኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግር መዳሰስ ተውኩ። ፊቴን አዙሬ ነበር የማርደው፣ ጋሼ። አንዷን ያነሳኋት ከእንቁላሏ ላይ ነው፤ ልረግጣት እስክደርስ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። እንቁላሉንም ወሰድኩት። ለተገብርኤል ስትበልት እግራቸውን ታያለች፤ አይታም ድስቱን ትጥዳለች።

ልጄ ተርፋለች። እንደገና ቢመጣብኝም ያንኑ አደርጋለሁ፤ ይቆጨኛልም። ከዚያ በኋላ ጋራው ጭጭ አለ። ሦስት ክረምት ሙሉ አንድ ድምፅ ሳልሰማ አጥር ዞርኩ። ሰዉ ጥይት ቆመ ብሎ ሲደሰት፣ እኔ የጨረስኳቸው እኔ ነኝ እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላ ነበር።

ዘንድሮ ነው እንግዲህ አንዱ የጮኸው። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ዮሃና፣ ሴት ካላገኘ ትቶ ይሄዳል ወይ አለችኝ፤ ይህን አባባ አላስተማሩንም። ባለፈው ሐሙስ ታዲያ ከአሮጌው ምሽግ በታች አፈር ላይ የሚንከባለሉበትን ቦታ አየሁ። የተኙበት ጎድጓዳ ሁለት ነው፤ አንዱ አነስ ይላል። ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። አውራው መጣ። ከኋላው ሌላ ቆቅ ብቅ አለና አፈሩ ላይ ተገላበጠ። እግሩን ለማየት አንገቴን ባሰግም ዐይኔ እምቢ አለኝ፤ ከድካም ይሁን ከእንባ እንጃ። መምህርቷ ምን ልጻፍ ስትለኝ፣ ቆይ ገና ነው አልኳት።

ስለዚህ ጋሼ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ዐይን ለዐይን አልተያየንም፤ መንገዱም አሁን ዞሮም ቢሆን ያስኬዳል። የርስዎ ዐይን ከኔ ይሻላል። ይምጡና ይዩልኝ። የሚቆጡኝም ከሆነ ፊት ለፊት ይቆጡኝ።

እትዬ ዓለምእሸትን እጅ ነሥቷል ይበሉልኝ። ልጅዎን ሰላማዊን ግንባሯን ይሳሙልኝ። ወንድሟ ሔሩይ ያንን የፈረስ ጭራ ወጥመድ እንዳይጠይቀኝ ይንገሩት፤ አቃጥዬዋለሁ። ለተገብርኤል በትግርኛዋ ከመይ ቀኒኹም፣ እንደምን ሰነበታችሁ ትላችኋለች። ወይኒ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ አሁን ወሬዋ አያስቀምጥም፣ እሷም ትስማችኋለች። አባባ መቃብር ሲደርሱ ሰላም ይበሉልኝ። ይህን ደብዳቤ ግን እንዳያነቡላቸው፤ እግሯን አብረን እስክናይ ይቆየን።

ታናሽ ወንድምዎ በላቸው
መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.