በስቶቭነር የምትኖር ወይጦ አትቆጠርም

ኦስሎ፣ ስቶቭነር
ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ለዓለም ጀልባዎች ሙዚየም ዳይሬክተር
ሴንትሩም፣ ኦስሎ

እጅግ የተከበሩ ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማመልከቻ ገምጋሚ ኮሚቴዎ አባላት የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ይህ የጨለማ ወቅት ወገቡን ለሚያመውም ሆነ ኅሊናውን ለሚያመው ሰው ከባድ ነው፤ በሙዚየምዎ ግን የሁለተኛው ዓይነት በሽተኛ እንዳላጋጠመኝ በደስታ እመሰክራለሁ።

ምኞት ግዛው እባላለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ከእናቴ ከወይዘሮ ታንጉት ጋር በስደት መጥቼ ስቶቭነር ያደግሁ፣ አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆንኩ ሴት ነኝ። እናቴ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር የተወለደች ወይጦ ናት። ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ እየሠሩ በሐይቁ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው፤ አያቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ጎረቤት አብሯቸው ማዕድ አይቆርስም ነበር። ይህን የምጽፈው እርስዎ ስለማያውቁት አይደለም። በሙዚየምዎ ውስጥ ከደንገል ታንኳዋ አጠገብ በሚያምር ፊደል ተጽፎ አንብቤዋለሁ።

ለነባር ሕዝቦች ልጆች የጥናት ዕድል ማዘጋጀትዎን፣ የዕቃዎቹ ባለቤቶች ልጆች መጥተው ከስብስባችሁ ጋር ለጥቂት ወራት እንዲሠሩ በክብር መጋበዝዎን በድረ ገጽዎ ሳነብ፣ የተጋበዝኩ መሰለኝና አመለከትኩ። ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ።

1. አመልካች በሕዝቡ መካከል የሚኖር መሆን እንዳለበት በትሕትና ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። በስቶቭነር የምናውቃቸው ወይጦዎች እናቴና እኔ ብቻ ስለሆንን ሕዝብ ለመባል እንደማንበቃ እኔም አምኛለሁ። እንደመከሩኝም ባሕር ዳር ለሚኖረው ለአጎቴ ለዓምሃ ነገርኩት፤ ታንኳ ሲሠራ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። አመለከተ፣ እናንተም በደስታ ተቀበላችሁት። ቪዛ ሰጪው መሥሪያ ቤት ግን ወደ አገሩ ለመመለሱ ማስረጃ እንዲያቀርብ ጠየቀው። አጎቴ ደውሎ፣ «ምኞትዬ፣ ማንን ምስክር ልጥራ? ዓሣውን?» አለኝ። ቪዛው ሲከለከል ከቢሮዎ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ ለወደፊቱ አውሮፓ ውስጥ የሚኖርና ቪዛ የማያስፈልገው የሕዝቡ አባል ቢገኝ እንደሚመረጥ ይገልጻል። እንዲህ ያለች ሰው አግኝታችሁ መልሳችኋት እንደነበር ሳስታውስዎ ከይቅርታ ጋር ነው።

2. እንደገና ሳመለክት በሕዝቤ ቋንቋ የተቀረጸ ድምፅ እንድልክ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። የወይጦ ቋንቋ ከጠፋ ብዙ ትውልድ አልፏል፤ የምንናገረው አማርኛ ነው። በአማርኛ ቀርጬ ብልክላችሁ፣ የብዙኃን ቋንቋ ስለሆነ አይቆጠርም ተባልኩ። ምንም ያልተቀረጸበት ካሴት ብልክ ኖሮ ትክክለኛው እሱ ነበር።

3. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ማኅተሙ ነው። ወይጦ መሆኔን በኦስሎ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር በማኅተም እንዲያረጋግጥልኝ ጠየቃችሁ። እናቴ እዚህ ከተማ ከገባን ጀምሮ «አገርሽ የት ነው?» ሲሏት «ባሕር ዳር» ብላ ታልፍ ነበር፤ ከዚያ በላይ የጠየቃት የለም። በየልደቱና በየክርስትናው የእሷ ድፎ ዳቦ ሳይቆረስ ድግስ አይጀመርም ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ወልደሚካኤል ደግ ሰው ናቸው። ጉዳዬን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ይሄን ባታስጽፊው ምን አለ? ለእናትሽ ብዬ ነው» አሉኝ። ካልተጻፈ ሙዚየሙ እንደማይቀበለኝ ነገርኳቸው። ጻፉልኝ፤ ማኅተሙንም መቱ።

ወሬው ከማኅበሩ ቢሮ ወጣ። ክፉ ቃል የተናገረን ሰው የለም። ብቻ በቀጣዩ ክርስትና ላይ የእናቴ ዳቦ ሳይነካ እንደመጣ ተመለሰ። ግሮንላንድ ሰፈር ካለው ሱቅ ጤፍ ስትገዛ ያገኟት ጓደኞቿም ፈገግ ብለው ሰላም አሏትና ወደ ሌላው መደርደሪያ ዞሩ። ቤት ስንገባ እናቴ፣ «ለአንድ ያረጀ ታንኳ ብለሽ ሰው አልባ አስቀረሽኝ» አለችኝ። ለሳምንታት አላናገረችኝም። ማኅተም ከተመታበት በኋላ አልተባለም አይባል።

4. ታንኳዋን ቀርበን እንድናይ ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። ራሷን እየነቀነቀች እምቢ ስትል የከረመችው እናቴ በዕለቱ ነጠላዋን ለብሳ፣ በሩ ላይ ቀድማኝ ቆማ አገኘኋት። ሠራተኛዋ ጓንት ሰጠቻት፤ ወዲያውም እንዳትነካ ነገረቻት። ጓንቱ ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም። እናቴ ጎንበስ ብላ ታንኳዋን አሸተተችና፣ «ውሃ ውሃ አይልም» አለች። በከተማው ባቡር፣ በቲባነኑ፣ እስከ ስቶቭነር ድረስ ጓንቱን ሳታወልቅ መጣች።

5. ስለ ውሳኔዎም አመሰግናለሁ። ከሕዝቡ ጋር ያለኝ ትስስር በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም ይላል። ለማረጋገጥ ብዬ ያልገበርኩት ወዳጅ አልቀረኝም ነበር። በዚያው ገጽ ግርጌ ግን፣ በአዲሱ ኤግዚቢሽን መክፈቻ ዕለት እናቴና እኔ የባህል ልብስ ለብሰን ከታንኳዋ ጎን እንድንቆም ጋብዘውናል። ለማመልከት ወይጦ ሆነን ያልተገኘን ሰዎች ለፎቶግራፍ ወይጦ መሆናችን አኩርቶናል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ያለሁበትን ይመልከቱልኝ። ለእርስዎ ወይጦ አይደለሁም፤ ለጎረቤቶቼ ደግሞ ከወይጦነት በቀር ሌላ ነገር የለኝም። ወደፊት እንዳልሄድ ትስስር የለሽም እባላለሁ፤ ወደ ኋላ እንዳልመለስ ማን እንደሆንኩ ታውቋል። የሚጮህብኝ ባለመኖሩ የምጮህበት ሰው እንኳ አጣሁ። ሁሉም በትሕትና ነው የሚዘጋብኝ።

ግብዣዎን ለእናቴ ሳነብላት ግን ያልጠበቅሁት ሆነ፤ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና ተነስታ ዱቄት አቦካች። በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ዳቦዋን ይዛ ገብታ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው። «እኔ ወይጦ ነኝ፤ አባቴም ወይጦ ነው» አለች። «የሚበላ ይብላ። የማይበላም አልበላም ይበለኝ፤ ጾም ነኝ ብሎ አይዋሸኝ።» አቶ ወልደሚካኤል አንገታቸውን ደፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ተነስተው ቆረሱና ቆመው በሉ። ከእሳቸው ሌላ የተነሳ አልነበረም። የተረፈውን ተሸክመን ተመለስን፤ በማግስቱም ያንኑ በላን። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ታናግረኛለች።

ስለዚህ ወደ መክፈቻው እንደማንመጣ በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ከታንኳዋ ጎን የሚቆም ካጡ ከኮሚቴዎ አባላት አንዱን ያቁሙ፤ ስለ ወይጦነት እንደ እነሱ እርግጠኛ የሆነ ሰው አላየሁም።

ወደር በሌለው አክብሮት፣ ለሚቀጥሉት አመልካቾችም ብርታትን በመመኘት፣

ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለቱንም ጊዜ በፈገግታ የተሸኘች ትሑት አገልጋይዎ፣
ምኞት ግዛው

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ የኖርዌይኛ ትርጉም አላያያዝኩም። ስለ እኛ ይህን ያህል ዘመን ሲያጠና የኖረ ቤት አንድ የሚያነብልን ሰው አያጣም ብዬ ነው። ካጣም አያስቡ፤ ደብዳቤው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ በማኅበሩ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከሰዎቻችን መንገድ ላይ ያገኙትን ቢጠይቁ በቃሉ ይወጣልዎታል።