እግሬና ፍሪሲዮኑ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከክሊኒኩ የመጣው አንሶላ ዛሬ ብዙ ነበር። ገመዱ ላይ ቦታ ጠፍቶ የትራስ ልብሱን አጥር ላይ አሰጣሁት። ደግነቱ ነፋስ ነበረ። ተኩሼ ስጨርስ ወገቤ የኔ አልመስል አለኝ።

ባሌ እንደ ሁልጊዜው በሩ አጠገብ ተቀምጦ በግራ እጁ የትራስ ልብስ ሲያጥፍ ዋለ። ከስትሮኩ ወዲህ ቀኝ እጁም ምላሱም አልታዘዝ ብለውታል። ዱሮ እኔ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ እሱ በመኪናው ከየእንግዳ ማረፊያውና ከየክሊኒኩ ያመጣል፣ ይመልሳል። አሁን የሚነዳልን ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም ነው። እሱም ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ነው ወንድሜ ብሎ የመጣው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ወደ አገሩ፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከዚያስ? ከዚያማ እኔ ነኝ። የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና አልፌያለሁ። የመንገዱ ፈተና የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው።

ዛሬ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። መኪናውን እኔ ብነዳው ደስ ይልሃል?

"አይ" አለ።

ግን ፈገግ ብሎ ነው ያለው። የንግግር ሐኪሟ "አዎ" እና "አይ" እንደሚቀያየሩበት ነግራናለች። ታዲያ ይሄኛው የቱ ነው? "አይ" እኮ በጤነኛ ሰው አፍም ቢሆን መቶ ትርጉም አላት...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ልምምድ። ጥሩ ነዳሁ። አስተማሪው ቀልድ የሚወድ ሽማግሌ ነው። መሪውን እንደ ሌባ አንገት አንቀሽ አትያዢው ይለኛል። ዳገት ላይ አቁሞ ሲያስነሳኝ መኪናው አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ አላለም። አንቺማ ተፈጥረሽበታል አለኝ። ያቺን ቃል እንደ ከረሜላ እየመጠጥኩ ቤት ገባሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ወደቅኩ።

ፈታኙ ክፉ ሰው አይደለም። ቀበቶውን አሰረ፣ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስተካከለ፣ "ይቀጥሉ" አለ። በቃ፣ ያቺን ብቻ። ግራ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ብቻውን መዝለል ጀመረ። እንደ ስፌት ማሽን። ተረጋጋ አልኩት በሆዴ። ባሰበት። ተቆጣሁት። ጭራሽ ጉልበቴም አብሮ ገባበት። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ፈታኙ በእሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጠ። አለቀ።

አስተማሪው ምን ነካሽ አለኝ። ምን እንደነካኝ ባውቅማ...

ያው መኪና። ያው ዳገት። ያቺው እኔ። አንድ ወረቀት የያዘ ሰው አጠገቤ ስለተቀመጠ እግር እንዴት ከሰው ተለይቶ ያብዳል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ያውቃል ማለት ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሌላ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ኅዳር 5። ዋርሳዬ ሊሄድ ትንሽ ሲቀረው።

ምክር እንደ ዝናብ እየወረደብኝ ነው። ልጄ ከስልኳ ላይ አንብባ፣ እማ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ያዥው፣ በአፍሽ ቀስ ብለሽ ልቀቂው ትለኛለች። አስተማሪው ደግሞ ሩቅ ተመልከቺ እንጂ አፍንጫሽ ሥር አትይ ይላል። ዋርሳዬ፣ እትዬ ፈታኙን ሰው ነው ብለሽ አትይው፣ ጆንያ ሽንኩርት ነው በይ አለኝ። የሁሉንም ሰማሁ። ዛሬ ልምምድ ላይ አየር ስቤ፣ ይዤ፣ ሩቅ እያየሁ፣ አስተማሪውን ጆንያ ነው ስል... የልምምድ ሜዳውን የፕላስቲክ ኮን ገጭቼ ከጎማው ሥር ከተትኩት። አስተማሪው ወርዶ እንደ ተረገጠ ባርኔጣ አቅንቶ አቆመው።

ምን እያሰብሽ ነበር አለኝ። ሽንኩርት ልለው ነው?

መረጋጋት ማለት ምን ማለት ነው ግን? አለማሰብ ነው? ማሰብ ነው? አንዷ ጎረቤቴ በራስሽ ተማመኚ ትላለች። በየትኛዋ እኔ? በቅዳሜዋ ነው በሐሙሷ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የንግግር ሐኪሟ ዘንድ ነበርን። ሥዕል እያሳየች ስሙን ትጠይቀዋለች። ማበጠሪያ አሳየችው።

"ጎማ" አለ።

እንዳልሆነ ያውቃል። ፊቱ ላይ ይታያል። ቀጥላ ማንኪያ አሳየችው። ግንባሩ አላበው። ጥርሱን ነከሰ፣ ግራ እጁን ጨበጠ። እኔ ደግሞ ከጎኑ ሆኜ በከንፈሬ ማን... ማን... እላለሁ። ሐኪሟ እጄን ነካ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። ሥዕሉን ገልብጣ አስቀመጠችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ሥራ እንደሌላት ሰው። መጨረሻ ላይ "ማንኪያ" አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ቃሉ አልጠፋም፣ መንገዱ ነው የተበላሸው አለችኝ ስንወጣ። በግድ ሲጎትቱት ይሸሻል።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ሚኒባስ ድንገት ፊታችን ገጭ ብሎ ቆመ። ከኋላ ወንበር "ደደብ!" የሚል ተሰማ። እሱ ነው። ጥርት አድርጎ፣ እንደ ዱሮው። ዋርሳዬ መኪናውን ጥግ አስይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ማንም ሳይጠይቀው ከየት አመጣት? ስንጠይቀውስ የት ይደብቃታል? የኔም እግር እንደዚያው ነው መሰለኝ። ወይስ ሰበብ እየፈለግኩ ነው...

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ካውያው እስኪግል ነው የምጽፈው።

እሱ የወደቀ ቀን ትዝ አለኝ። ሆን ብዬ ሳላስበው የቆየሁት ቀን ነው። ገመዱ ሥር ነበር፣ እርጥብ አንሶላ ላዩ ላይ ወድቆበት። አፉ በአንድ በኩል ተንጋዷል። ልጄ ትጮሃለች። እኔ አልጮህኩም። አንሶላውን አነሳሁ። በጎኑ አስተኛሁት። የሸሚዙን ቁልፍ ፈታሁ። ለአምቡላንስ ደወልኩ፤ ቤታችን እንዴት እንደሚገኝ እንኳ በምልክት በምልክት አስረዳሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሐኪም ቤት አድርሼው፣ ተቀብለውኝ፣ ወንበር ላይ ስቀመጥ ነው ጥርሴ መንገጫገጭ የጀመረው።

ታዲያ ያኔ ያልፈራሁ ሴት አንድ ዳገት ያስፈራኛል? ፈርቼማ ነበር። እንዴት አልፈራም። ብቻ ተረጋጊ ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም ለራሴ አላልኩም። ቀጥሎ ምንድን ነው፣ ቀጥሎ ምንድን ነው... ይቺን ብቻ ነው ያልኩት።

ይሄ ለፈተና ይሆናል? አላውቅም። የዚያን ቀን ማንም ነጥብ አልሰጠኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ ጠዋት የመኪናው ቁልፍ ጠፋ። ዋርሳዬ የክሊኒኩን ልብስ ጭኖ ቆሟል። መሳቢያ ገለበጥን። የቆሸሸ ልብስ ክምሩን በተንን። ልጄ ናት የእሱ ኮት ኪስ ውስጥ ያገኘችው። ከታመመ ጀምሮ ያላደረገው ኮት ነው።

ደሜ ፈላ። ልብሱ ከተላከ በኋላ ፊቱ ቆምኩ። አንተ ነህ የደበቅከው?

"አዎ" አለ። ከዚያ "አይ" አለ። ከዚያ ራሱን ያዘ።

ጮህኩበት። ለማን ብዬ ነው የማይሆን ነገር የምሞክረው አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት እየተዋረድኩ ነው አልኩት። በታመመ ሰው ላይ... አፌ ላይ የመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። ሲደክመኝ እዚያው አንሶላ ክምሩ ላይ ተቀመጥኩ።

የሐኪሟ አቀማመጥ ትዝ አለኝ። እኔም ወደ ግቢው ማየት ጀመርኩ። አዎ ወይም አይ ተብሎ የማይመለስ ነገር ልጠይቀው ብዬ አሰብኩና፣ ምንድን ነው የሆንከው አልኩት። ብቻ ይቺን። ቃል እያቀበልኩ አልረዳሁትም። ገመዱ ላይ የተሰጣውን አየሁ። ካውያውን ነቀልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"እኔስ?" አለ።

ዞር ስል እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። ደገመው። "እኔስ?"

እኔ ደግሞ ወር ሙሉ አዎ ነው አይ ነው እያልኩ ስፈታ የነበረው ሌላ እንቆቅልሽ ኖሯል። እጁን ያዝኩት። የማይሰማውን እጅ ነው የያዝኩት፤ ቆይቼ ነው ልብ ያልኩት፤ ወዲያኛውን ያዝኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ነገ ነው። ልቅር? እሱን ላለማስከፋት ልቅር? ከቀረሁ ደግሞ ልብሱን ማን ያመላልሳል? ባልፍ የእሱን ወንበር ወሰድኩ፣ ብወድቅ ቤታችን ቆመ። ለየትኛው እንደምጸልይ ግራ ገባኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሌላ ፈታኝ ነበር፣ ጎልማሳ ሴት። እግሬ ገና ቀበቶ ሳላስር ነው የጀመረው። ዛሬ አልተቆጣሁትም። እንደፈለግክ ዝለል ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ምንድን ነው? ስፖኪዮ። ቀጥሎ? ፍሬቻ። ቀጥሎ? ማርሽ።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ።

ያው ቦታ ማለት ይቻላል። ከኋላዬ የቆመ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። ጆሮዬ ጭው አለ። ወደቅኩ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያን ስል ግን እጄ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ነበር። መቼ እንደሳበው እንጃ። ቀጥሎ? ማርሹን ዜሮ። ቀጥሎ? ሞተር። መኪናው ወደ ኋላ አልሄደም። ከኋላ ይጮኻል። ይጩህ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ፣ በዚያው በሚዘለው እግር፣ ስለቀው መኪናው ትንሽ ተንገጫገጨና ወጣ።

ፈታኟ ወደ ጉልበቴ አየች። "እግርዎ ይንቀጠቀጣል" አለችኝ።

"አዎ፣ ይንቀጠቀጣል" አልኳት።

ስንቆም ፈረመችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። አላነበብኩትም። ምን ይላል አልኳት። አልፈዋል ይላል አለችኝ። ሞተር አንዴ ቢጠፋ ችግር የለውም፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ነው የሚጥለው አለች። ለካ ያን ጊዜም ሞተሩ አልነበረም የጣለኝ... ይህን እንኳ አላወቅኩም ነበር።

መረጋጋት ይሄ ከሆነ ከመፍራት በምን ይለያል?

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ነገርኩት። ሰማኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጄ ኬክ ልግዛ አለች። ተይው አልኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ዋርሳዬ ትናንት ሄደ። ዛሬ የኔ ቀን ነው።

ሁሉንም ራሴ ጫንኩ። የመኪናው በር ላይ ደርሼ ሳለ እሱ ምርኩዙን ይዞ ከቤት ወጣ። ኮቱን ለብሷል። በልማድ በሾፌሩ በር በኩል መጣ። እጀታውን ያዘ። ቆመ። እኔም ቆምኩ። ና ልለው ነበር፣ ግባ ልለው ነበር፣ ደግፌ ልወስደው ነበር... ተውኩት። እጀታውን ለቀቀና የመኪናውን ፊት እየተደገፈ፣ እግሩን እየጎተተ፣ በወዲያኛው በኩል ዞረ። ጊዜ ወሰደበት። ገብቶ ተቀመጠ።

መንገዱን ለካ አላውቀውም። ይህን ሁሉ ዓመት አንሶላው ከየት እንደሚመጣ እንጂ በየት እንደሚመጣ አላየሁም። እሱ በግራ እጁ ይመራኛል። የእንግዳ ማረፊያው የፊት በር ላይ ልቆም ስል መዳፉን አወዛወዘ፤ ለካ ዕቃ የሚገባው በጓሮ ነው። የጓሮው ዘበኛ ሲያየው ከወንበሩ ተነስቶ በመስኮት አቀፈው። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ሁለቱም አይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ወዲያ የዱሮ ጠባዩ መጣበት። ማርሽ ባዘገየሁ ቁጥር ጉልበቱን ይመታል። "ሦስት" ይለኛል። አንዳንዴ "ማንኪያ" ይለኛል፤ ሦስት ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ገና ነው እለዋለሁ። ሞተሩ እየጮኸ ነው በሚል እጁን ጆሮው ላይ ያደርጋል። የኔ ጆሮ አልደነቆረም እለዋለሁ። ክሊኒኩ እስክንደርስ እንደዚሁ ተጨቃጨቅን። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያችን ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ለካ ስንተዛዘን እንጂ ስንጣላ አልኖርንም።

እግሬ? ዳገት ላይ ይጀምረዋል። እንዲሁ ይዤው እሄዳለሁ።

ለ"እኔስ?" መልስ ዛሬም አልሰጠሁትም። እሱም አልደገመልኝም። ስንመለስ መኪናውን ወደ ግቢ በኋላ ማርሽ ማስገባት አቃተኝ። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ አጥሩን ልነካው ደረስኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ልጄ በሩን ይዛ ቆማ አባዬ ውረድና እማ ታስገባው አለችው።

አልወረደም። አንገቱን አዙሮ በኋላ መስኮቱ በኩል አጥሩን እያየልኝ ተቀመጠ።