በር የሌለው ፎቅ

ካሰል፣ እሑድ ጃንዋሪ 27 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለቪብከ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ያው ነው፣ የታች ቤቶቹ ውሻም ያው ይጮኻል። እናትሽ በዚህ ዘመን ቁጭ ብላ ደብዳቤ መጻፏ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልክ ለምን እንዳልመረጥኩ ኋላ እነግርሻለሁ። አሁን ግን ተቀመጪ። እናንተ ዘንድ ቆመው የሚሠሩበት ጠረጴዛ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ወንበር ፈልጊና ተቀመጪ።

የመድን ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ቴርሆርስት ነገ ጠዋት ሮተርዳም፣ መሥሪያ ቤታችሁ ይደውላል። ስለዚህ ይህ ሲደርስሽ ወሬው ቀድሞ ደርሶሽ ይሆናል። ዓርብ ዕለት የሠራተኞች ምክር ቤታችን ተሰብስቦ ያንቺ የቢሮ ንድፍ ከሦስተኛው ፎቅ አልፎ ወደ ቀሩት ፎቆች እንዳይቀጥል ወሰነ። ድምፁ እኩል ለእኩል ቆሞ ነበር። የመጨረሻዋን እጅ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ይኸው፣ ተናገርኩት። ተቆጪ፤ ከዚያ ግን ቀጥለሽ አንብቢ።

ባለፈው ሳምንት ስትደውዪ «እማዬ፣ በራሴ ስም የተሰጠኝ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ እባክሽ ነገር አታንሺ» አልሽኝ። ነገር አታንሺ! እኔ ነገር ማንሣት ብፈልግ ኖሮ ገና በመከር ወራት በሮቹን ነቅለው በጭነት መኪና ሲወስዱ አንዱ ላይ ወጥቼ እቀመጥበት ነበር። ዝም ብዬ አየሁ። ልጄ የሳለችው ነው፣ ታውቅበታለች አልኩ። ዝም ያልኩበትን ያህል አሁን አንጀቴ አርሯል።

ሦስተኛው ፎቅ ምን እንደሚመስል ላንቺ መንገር የአዋጁን በጆሮ ነው። አንቺ ግን ሥለሽ ሄድሽ፤ የምንኖርበት እኛ ነን። ጠረጴዛ የማንም አይደለም፣ ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል ተባለ። እሺ ተባለ። በሳምንቱ የመኪና አደጋ ክፍሉ አቶ ብሮከር ገና ሳይነጋ እየመጣ መስኮቱ ዳር ያለው ወንበር ላይ ፎጣ ማንጠፍ ጀመረ። በፈጠረሽ፣ ፎጣ! ለዕረፍት ሲሄድ ማዮርካ ባሕር ዳር የሚያነጥፈው፣ ዓሣ የተሳለበት። አሁን እንደሱ የሚያደርጉት በዝተው ፎቁ ጠዋት ጠዋት የመዋኛ ዳር ይመስላል። በር የለም ተባለ፤ ሰው ግን ማንኳኳቱን አልተወም። የጠረጴዛዬን ጠርዝ ቋ ቋ ያደርጋሉ፣ እኔም ዕድሜ ልኬን እንደለመድኩት «ይግቡ» እላለሁ። ወዴት ነው የሚገቡት?

ከዚያ ደግሞ ተክሉ መጣ። አንዷ ከቤቷ ትልቅ ማሰሮ አምጥታ በጎኗ አቆመች፣ ሌላው ሁለት አመጣ፣ የገና በዓል ሳይደርስ ፎቁ ጫካ ሆነ። አቶ ቴርሆርስት፣ ይቅርታ «የንስ»፣ ተክል ከተቀመጠ ሰው ትከሻ እንዳይበልጥ የሚል ማሳሰቢያ አወጣ። በስሜ የንስ በሉኝ ብሎናል እኮ፤ ሶፋ ሲገባ «እርስዎ» ማለት አብሮ ወጣ። እኔና ጉድሩን አንድ ክፍል ተቀምጠን «አንቺ» ለመባባል ዓመታት ፈጅቶብናል፤ እሱ በአንድ ሰኞ ጠዋት ጨረሰው። የመስኮቱን ጠብ አላወራልሽም። አንዱ ክረምትም ቢሆን ንጹሕ አየር ካልገባ ይሞታል፣ ሌላዋ ከገባ ትሞታለች። ድሮ ሁለት ሆነን ምሳ ስንበላ እንከፍተው ነበር፣ አለቀ።

ይህን ሁሉ ስነግርሽ መልስሽ አንድ ነው፤ ማድሪድ ወደውታል፣ ስቶክሆልም ወደውታል። ኩባንያችን በሦስቱም ከተማ አንድ ዓይነት ቢሮ ይሁንልኝ ስላለ አንድ ንድፍ ሠራሽለት። ልጄ፣ የማድሪድ ቢሮ ሰዎች እኮ ድሮም እያወሩ ነው የሚሠሩት፤ ግድግዳ ቢኖርም በላዩ ይነጋገሩ ነበር፣ ለምሳም ተያይዘው ይወጣሉ። የስቶክሆልሞቹ ደግሞ በር ባይኖርም አይናገሩም፤ ያ አብሮሽ የተቀመጠው ሰውዬ አነጠሰና ይቅርታውን በጽሑፍ ላከልኝ ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። የካሰል ሰው ግን በሩን ዘግቶ ይሠራል፣ እኩለ ቀን ላይ ከፍቶ «መልካም ምሳ» ይልሻል። ሰው ጠልቶ አይደለም። ከዘጋ በኋላ ነው መክፈት የሚችለው። ይህን ከማንም በላይ አንቺ ማወቅ ነበረብሽ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በእኔና በጉድሩን ክፍል ጥግ ላይ ተንበርክከሽ ቤት ስትስዪ ያደግሽ ልጅ ነሽ። በር ሳትስዪ መስኮት የጀመርሽበት ቤት አላየሁም። ሮተርዳም ምን አስረሳሽ?

አሁን ስለ ጉድሩን ልንገርሽ፤ ለዚህ ነው የተነሣሁት።

የጉድሩንን ሥራ ታውቂዋለሽ። የሕይወት መድን የገባ ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ የሚደውለው ለእሷ ነው። ካሳውን ማስላት ማንም ይችላል። እሷ የምትችለው ዝም ማለት ነው። ባል የሞተባት ሴት ደውላ መናገር ሲያቅታት ጉድሩን አትቸኩልም፤ ስልኩን ይዛ ትጠብቃታለች። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ እኔ ተነሥቼ በሩን እዘጋለሁ፣ ወረቀቴን አላገላብጥም። አባትሽ የሞተ ጊዜ ደግሞ እኔ ገና በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም ነበር። ኮቴን ሳላወልቅ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ጉድሩን ተነሥታ በሩን ዘጋችው። አልቅሼ ስጨርስ መስኮቱን ከፈተችልኝ፣ ሥራችንን ቀጠልን።

በአዲሱ ፎቅ ለስልክ ብለሽ ያስቀመጥሻቸው የመስታወት ሳጥኖች አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ አልክድም፤ ድምፅ አይወጣም። ሰው ግን ይታያል። ከገና በፊት ጉድሩን እዚያ ገብታ ልጇ የሞተባትን እናት ስታነጋግር እንባዋ ወረደ። ፎቁ በሙሉ አያት። ስትወጣ ሁሉም ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ እንዳላየ መሆናቸው ይብስ አሳፈራት። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ አልገባችም። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ከሁለት ማሰሮ መሃል ተደብቃ ትሠራ ጀመር።

በዚህ ወር መጀመሪያ አካባቢ የአቶ ብሮከር ልደት ነበር። የአይብ ኬክ ጋግሮ አመጣ፣ እንደ ወጋችን ከበነው ዘመርን። በር ቢኖር ኖሮ የጉድሩን በር ተዘግቶ እናይና ኮሪደሩ ላይ እንዘምር ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ ዞር ብዬ ጉድሩንን አየኋት። ስልኳን ይዛለች፣ ፊቷ ገርጥቷል። የደወለችው ሴት ባሏ ጠዋት ከአልጋው እንዴት እንዳልተነሣ እየነገረቻት ነበር። መዝሙሩን ስትሰማ ቆም አለችና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድግስ ላይ ነዎት እንዴ? ሌላ ጊዜ ልደውል» አለቻት። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ! ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ጉድሩን ማዳመጫዋን አወለቀች። የምታስገባበት መሳቢያ ስለሌላት ጠረጴዛው ላይ ትታው ኮቷን ለበሰችና ወጣች። በማግስቱ የሐኪም ወረቀት ላከች። እስካሁን አልተመለሰችም፣ የምትመለስም አይመስለኝም። ሾርባ ይዤላት ሄጄ ነበር። «ሮስቪታ፣ ሥራው እኮ አይደለም ያደከመኝ» አለችኝ፤ «ሲያዩኝ መዋላቸው ነው ያደከመኝ።» ምን ልበላት? የሳለችው ቪብከ ናት፣ ጡት ሳትጥል ጀምሮ የምታውቂያት፣ ልበላት? እሷ ታውቃለች። አንድም ቀን ስምሽን አላነሣችም፤ ይሄ ነው ይበልጥ የበላኝ።

እንግዲህ ዓርብ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ ገና በር ባለበት። አቶ ቴርሆርስት መጥቶ ሠራተኛው የሞላውን መጠይቅ ውጤት አነበበ፤ አብዛኛው ሠራተኛ «ረክቻለሁ» ብሏል። ይላል እንጂ! የሚሞላውን ከጀርባው ቆመው እያዩት ሌላ ምን ይበል? ድምፅ መስጠቱ ሲጀመር ተነሣሁ።

«እጄን ከማንሣቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። «ይህንን የሳለችው ልጄ ናት።»

እኔም የምጠራበትን የአባትሽን ስም ትተሽ የአያትሽን ስለያዝሽ እዚያ ከነበሩት ማንም አላወቀም ነበር። ቴርሆርስት ፈገግ አለና «እንግዲያው ኩሪባታ እንጂ፣ ሮስቪታ!» አለኝ።

«እኮራባታለሁ፣ አቶ ቴርሆርስት» አልኩት። «አሳምራ ነው የሳለችው። ያስቸገረን አለማማሩ አይደለም።»

ሰብሳቢዋ ደንገጥ ብላ «ወይዘሮ ሮስቪታ፣ ልጅዎ ከሆነች ድምፅ ባይሰጡስ?» አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው። እኔም አስቤበት ነበር፤ ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት እሱን ነው። ወጥቼ ኮሪደር ላይ ብቆም ያንቺ ሥራ ይቀጥላል፣ ማንም አይጠይቀኝም፣ ፋሲካ ስትመጪ ኬክ ጋግሬ እጠብቅሻለሁ። «ጉድሩን እዚህ መጥታ ብትናገር እተወው ነበር» አልኩ፤ «የለችም።» እጄንም አነሣሁ። እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

ምክር ቤቱ ሥራውን ጨርሶ አልጣለውም። ሌላ ንድፍ ይምጣ ነው ያለው፣ በር ያለው። አንቺው ብትስዪው ደስ ይለኛል፤ ከተናደድሽ ደግሞ ሌላ ሰው ይሣለው፣ ይገባኛል። ሮተርዳም ያሉት አለቆችሽ እንዴት እንደሚይዙሽ ያሳስበኛል። ግን ድጋሚ ቢጠይቁኝም ያው ነኝ።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። ዓርብ ማታ ቀፎውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ የት ሆነሽ እንደምታነሺው ስለማውቅ። ቪብከ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከደረጃ ላይ የምታናግሪኝ? እንዳላወቅሁ አታድርጊኝ። ድምፅሽ ግድግዳ እየመታ ይመለሳል፣ ከላይ የሰው ጫማ ይሰማል። ያ ብርሃን የሞላው፣ በየመጽሔቱ የወጣው ቢሮአችሁ እናትሽን የምታናግሪበት አንድ ጥግ የለውም። ዮስት ጥሎሽ፣ ዕቃውን ጭኖ ከቤታችሁ የወጣ ዕለት የደወልሽልኝም ከዚያው ነው። እያለቀስሽ ሳለ አንድ የብረት በር ሲከፈት ሰማሁ። ወዲያው ድምፅሽ ተለወጠ። «እሺ፣ አመሰግናለሁ፣ ነገ እልክልዎታለሁ» ብለሽ ዘጋሽው። ለእናትሽ! «እልክልዎታለሁ!» ስልኩን እንደያዝኩ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። መልሰሽ ትደውያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። በሳምንቱ ስትደውዪ ስለ ምንጣፍ ቀለም ነበር ያወራሽኝ።

የሦስት አገር ሰው ተመችቶት እንደሆነ ዞረሽ ጠየቅሽ። አንቺን የጠየቀሽ አለ?

ዓርብ ዕለት እጄን ያነሣሁት ለጉድሩን ብዬ ነው። ለሁሉም ያልኩት እንደዚያ ነው፤ ላንቺም እንደዚያው እላለሁ።

በይ፣ ወረቀቱም አለቀ፣ ንዴቴም በረድ አለ። እግዚአብሔር እንቅልፍ አይንሳሽ፣ በሥራሽ የሚያፍርብሽ ሳይሆን የሚያርምሽ ሰው ያኑርልሽ፤ የሰው ክፉ ዓይን አይረፍብሽ፣ ብቻሽንም አያስቀርሽ። ጉድሩን ሰላም በያት ብላኛለች። አዎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስምሽን አነሣች፣ ትናንት።

ከመናደዷ በላይ የምትወድሽ፣
እናትሽ ሮስቪታ

ይህንንም ልጨምር፦ ልትቆጪኝ ስትደውዪ ከደረጃው አይሁን። ቤትሽ ግቢ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ በሩን ዝጊና የፈለግሽውን ያህል ጩኺብኝ። ጩኸቱ አልቆ መናገር ቢያቅትሽም አልቸኩልም፤ ጉድሩን አጠገብ ያን ሁሉ ዘመን ተቀምጬ መጠበቅ ተምሬአለሁ።