አንድ ከአምስት

ዊንጌት፣ ሐምሌ 3

ውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ይሄ ዝናብ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? የሚቀባው መድኃኒትስ አላለቀብሽም? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከሐፍረት በቀር ያመመኝ ነገር የለም።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በደወልኩ ቁጥር ዓምሃ ድምፁን ከፍቶ አብሮሽ ስለሚያዳምጥ ነው። ይህን ጉድ ወንድሜ ቀድሞ ከሰማ ጉለሌ ውስጥ መኖሪያ የለኝም። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው።

በሚያዝያ ያስሞላሁሽን ወረቀት ታስታውሻለሽ? ለማታው ትምህርቴ፣ ለስታትስቲክስ ነበር። ልጆችዎ በሚያደርጉልዎ እንክብካቤ ምን ያህል ረክተዋል፣ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይስጡ ይላል። አንቺ ለእኔ አንድ፣ ለዓምሃ አምስት ጻፍሽ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «እማዬ፣ ይሄ ነው ውጤቴ?» ብዬ ስጠይቅሽ፣ ጭራሽ ትከሻዬን መታ መታ አድርገሽ «አዎ ልጄ፣ ይገባሻል» አልሽኝ። ይገባሻል! ዓምሃ ደግሞ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ የቴሌግራሙ ፕሮፋይል ፎቶ አደረገው።

በሳምንቱ ለሥራ ይቀርበኛል ብዬ ዊንጌት ቤት የተከራየሁት ለዚህ ነበር። ምንም አልቀረበኝም፤ እንዲያውም አሁን ሁለት ታክሲ ነው የምይዘው። ለግንቦት ልደታ ስትጠሪኝ ሰው ታሞብኛል ያልኩሽም ውሸቴን ነው። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አምስትን ለአንድ ሳካፍል ዋልኩ። እኔ የሆስፒታል ወረፋ ስይዝልሽ ኖሬ፣ እስከ ረፋድ የሚተኛው ወንድሜ አምስት እጥፍ ተወደደ ብዬ አንጀቴ አረረ!

ይባስ ብዬ ደግሞ የሰፈራችንን ሠላሳ እናቶች መልስ ደምሬ፣ አማካዩን አወጣሁና ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩ። የቀጨኔ እናቶች በልጆቻቸው ክፉኛ አዝነዋል ብዬ ደመደምኩ። አንዷ ተማሪማ አለቀሰች፣ እውነቴን ነው።

መምህር ቶለሳ ግን አላለቀሱም። በልጆቻቸው የሚደሰቱ እናቶች እንዲህ ጥቂት የሆኑበትን ሰፈር ከየት አገኘሽው አሉኝ። ወረቀቶቹን ሳገላብጥ የእትዬ አፀደ እጄ ላይ መጣ። እትዬ አፀደ እኮ ናቸው! ልጄ ማቲያስ ማስነጠስ እንኳ ያምርበታል የሚሉት! ለማቲያስ የሰጡት አንድ ነው።

መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለውኝ አምስት ትልቁ ነው የሚለውን የት ጻፍሽው አሉ። የትም አልጻፍኩትም። ታዲያ ካርድ በመጣ ቁጥር ልጇን ስንተኛ ወጣሽ ብላ የምትቀበል እናት አንድን ምን ብላ ትረዳው አሉኝ። እማዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ አንደኛ ነበር ያወጣሽኝ!

ከዚያ ለእኔ ሲሉ ትምህርቱን እንደ አዲስ ጀመሩት። ለካ ቁጥር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስም ብቻ የሆነ አለ፤ ማሊያ ላይ የተጻፈ ዘጠኝ ከሦስት አይበልጥም። ደረጃ የሚናገር አለ፤ ማን እንደቀደመ እንጂ በስንት እንደቀደመ አይነግርሽም፣ ስለዚህ አይካፈልም አይባዛም። እንደ ሙቀት ያለው ደግሞ እርምጃው እኩል ነው፣ ዜሮው ግን ሙቀት ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። ዜሮ ኪሎ ሽንኩርት ካልሽ ግን በቃ፣ ሽንኩርት የለም፤ እጥፍ ማለት የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። እኔ ጅሏ ሦስት ወር ሙሉ የእናቴን ፍቅር እንደ ሽንኩርት ስመዝን ከረምኩ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለት ልጅ ብቻ እያለሽ ዓምሃ እንዴት ሆኖ አምስተኛ ወጣ? በመሃል ያሉት ሦስቱ እነማን ናቸው? ድመቷን እጠረጥራለሁ።

ትናንት እትዬ አፀደን ታክሲ ተራ አገኘኋቸውና የዓምሃን ነገር አጫወቱኝ። እናቴ አምስት ሰጥታኝ እንዴት አሳፍራታለሁ እያለ በጠዋት ይነሳል አሉ። ጤና ጣቢያ ደግፎ ይወስድሻል፣ ጉልበትሽን ያሽልሻል። ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን በገዛ እጁ ቀይሮ ጣራውን ጠገነው አሉኝ። መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ታክሲው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ሳቄ ጠፋ። አንደኛ ያወጣሽኝ እኔ አኩርፌ ተኝቼ ሳለ፣ አምስተኛ ያወጣሽው ጣራ ላይ ነበር። በጣም አፈርኩ እማዬ፣ በጣም ነው የናፈቅሽኝም።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ይቅር በዪኝ። ለዓምሃ ግን በመድኃኔ ዓለም ይዤሻለሁ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ! ቁጥሩን የተረዳው እንደኔ በስህተት ነው፤ ጣራው ግን አያፈስም።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜሽን አርዝሞ የምክስሽበት ጊዜ ይስጠኝ።

ሁለተኛ የወጣችው ልጅሽ